የሰው በር ለምታንኳኪው ልጄ

ልጄ፣ የቤት ለቤት የጉዞ ጥናት ጠያቂ ሆነሽ አዲስ አበባ ውስጥ ልትዞሪ ነው። የአውቶቡሱ መስመርም የእግረኛው መንገድም ወደፊት የሚታቀደው አንቺ በምትሞዪው ቅጽ ነውና ስሚኝ።

1. «ስንት ናችሁ?» ብለሽ ብቻ አትለፊ። አባወራው የቤት ሠራተኛዋንና ከገጠር መጥታ የተጠጋችውን የእህቱን ልጅ ብዙ ጊዜ አይቆጥርም። ጉሊት ወርዳ ሽንኩርት የምትገዛው፣ ወፍጮ ቤት የምትመላለሰው፣ ሕፃኑን ከትምህርት ቤት የምታመጣው ግን ከእነሱ አንዷ ናት። ጉዞዋን ከራሷ አፍ ስሚ።

2. በእግር የተሄደውን አትጣይ። «ትናንት የት ሄዱ እናቴ?» ስትያቸው «የትም» ይሉሻል፤ ታክሲ ካልተያዘ ጉዞ አይመስላቸውም። እዚህ ከተማ ግን ከግማሽ የሚበልጠው ጉዞ በእግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 በአሜሪካ ከተሞች ይህ ዓይነት ጥናት ሲጀመር ትኩረቱ የመኪና መንገድ ስለነበር እግረኛው ተዘንግቷል፤ እኛ ያንን መድገም የለብንም። ስለዚህ ቀኑን ከማለዳው ጀምረሽ አብረሻቸው ውረጂ፦ መጀመሪያ ከቤት ሲወጡ የት ደረሱ? ከዚያስ? ከጀሞ ሜክሲኮ በታክሲ የመጣ ሰው እስከ ታክሲ መያዣው በእግሩ ሄዷል፣ ተሰልፏል፣ ከወረደም በኋላ ወደ ቢሮው ተራምዷል። ሁሉንም ለየብቻ ጻፊው። «ታክሲ» ብለሽ ከዘጋሽው ሰልፉም፣ የፈረሰው የእግረኛ መንገድም ለዕቅድ አውጪው አይታዩትም።

3. ሰዓቱን ተጠንቀቂ። ሠራተኛው «በ2 ሰዓት ወጣሁ» ካለሽ፣ ቅጹን በምትሞዪበት ታብሌት ላይ 8:00 ነው። እንዳለ ካስገባሽው የጠዋቱ ግፊያ ወደ ሌሊት ይሻገራል፤ ይህን ደግሞ ቢሮ የተቀመጠ ሰው ሁልጊዜ አያርመውም።

4. በክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋና በበዓል ዋዜማ የተሰበሰበ መረጃ የዘወትሩን ቀን አያሳይም። እንዲህ ያለ ቀን ከደረሰሽ ለአስተባባሪሽ በግልጽ ንገሪ።

5. በሩ ተዘግቶ ካገኘሽ ጎረቤቱን አትተኪበት። ቤቱ የማይገኘው ሰው ብዙውን ጊዜ አብዝቶ የሚጓዘው ነው፤ ንጋት ላይ ወጥቶ ሲመሽ የሚገባው የኮንዶሚኒየም ተከራይ፣ ሁለት ሥራ የያዘችው እናት። ማምሻውን ሞክሪ፣ ካልሆነ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ። ሦስት ጊዜ ተመላልሰሽ ካጣሽው «አልተገኘም» ብለሽ መዝግቢ፤ ስሌቱን የሚሠሩት ያልተገኙትን አመዛዝነው ማስተካከል የሚችሉት መቅረታቸውን ሲያውቁ ነው።