ምዕራፍ 7፦ ማዞሩ የሙቀት ነው ወይስ የልብ ነርቭ?

በሰመራ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ በአዋሽ ሰባት ኪሎም ቀትሩ ሲያቃጥል፣ ከተቀመጠበት ሲነሳ ራሱን ያዞረው ሰው «ሙቀቱ ነው» ብሎ ውኃ ጠጥቶ ያልፈዋል። በቅርቡ የስኳር በሽታ ተገኝቶብዎት ከሆነ ግን እንዲሁ አይለፉት፤ ማዞሩ ስኳሩ በልብ ነርቮች ላይ ያደረሰው ጉዳት ምልክት ሊሆን ይችላል።

ጉዳቱ እንዴት ይመጣል?

የልብን ምት የሚቆጣጠሩት ሳናዛቸው የሚሠሩ ነርቮች ናቸው። አንዱ ወገን ያፈጥነዋል፤ ቬገስ የሚባለው ረጅሙ ነርቭ ደግሞ እንደ መኪና ፍሬን ያዘገየዋል። ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ነርቮቹንና የሚመግቧቸውን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጎዳል። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው ቬገስ ስለሆነ ልብ በዕረፍትም ጊዜ ይፈጥናል። ጉዳቱ ሲገፋ፣ ሰው ብድግ ሲል የደም ግፊቱ ይወርዳል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የልብ ደም ሥር ሲዘጋ የደረት ሕመሙ ላይሰማ መቻሉ ነው።

ዓይነት 2 ስኳር ሳይታወቅ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ዓይነት 2 ያለበት ሰው በሽታው እንደታወቀ፣ ዓይነት 1 ያለበት ደግሞ ከ5 ዓመት በኋላ የዚህን የነርቭ ጉዳት ምርመራ ጀምሮ በየዓመቱ እንዲከታተል ይመከራል።

በምን ይታወቃል?

የኤድንብራዎቹ ሐኪሞች ዴቪድ ዩዊንግና ባዚል ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቀላል መመርመሪያዎችን አስተዋውቀዋል። ዛሬም ይሠራባቸዋል።

• ግፊት፦ ለ5 ደቂቃ ተኝተው ይለኩ፤ ከዚያ ቆመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ይለኩ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ምልክት ነው።
• ምት፦ ዐርፈው ሳሉ በደቂቃ ከ100 በላይ ከሆነ ሐኪም ያማክሩ።
• ትንፋሽ፦ በልብ ምርመራ መሣሪያ ላይ ሆነው በአንድ ደቂቃ 6 ጊዜ በጥልቀት ሲተነፍሱ በፈጣኑና በዘገምተኛው ምት መካከል ያለው ልዩነት በደቂቃ 15 ምት ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን መልካም ነው፤ ከ10 በታች ከሆነ ያጠራጥራል። ልዩነቱ በዕድሜ ስለሚቀንስ ውጤቱን ሐኪም ይተርጉመው።

ከምርመራው በፊት ቡና፣ ጫትና ሲጋራ ይተው። የውኃ እጥረት፣ የደም ማነስና የግፊት መድኃኒትም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉና ሁሉንም ይንገሩ። ረመዳንን ለመጾም ካሰቡ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

ስኳርን ቀድሞ መቆጣጠር ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1993 ይፋ የሆነውና ዓይነት 1 ያለባቸውን 1,441 ሰዎች የተከታተለው ጥናት፣ ስኳርን በጥብቅ መቆጣጠር የነርቭ ጉዳትን በ60 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም ቀዝቃዛ ላብ ሲመጣ ደረትዎን ባያምዎትም ወዲያው ወደ ሕክምና ይሂዱ። ወደ ዱብቲ ሆስፒታልም ሆነ ወደ ሰፈርዎ ጤና ጣቢያ ለቀጠሮ ሲሄዱ ደግሞ «ግፊቴን ተኝቼም ቆሜም ለኩልኝ» ይበሉ፤ መጠየቅ መብትዎ ነው።