ትልቁን ልጅ ሰው ፊት አታስነብቢው

ከኋላሽ ቆሜ ዕቅድሽን እያነበብኩ ነው፤ አትደንግጪ። የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል፣ መስመሩም ቀጥ ብሏል። "አንደኛ ሳምንት፦ ከሀ እስከ ፐ መለየት" ያልሽው ጋ ስደርስ ግን ሳቄ መጣ። በይ ጠጋ በይልኝ፤ አግዳሚው ለሁለት ይበቃል።

ከማክሰኝት ወጣ ብሎ ካሉት ቀበሌዎች በአንዱ ሦስተኛ ክፍል ሰጥተውሻል። ስም ዝርዝሩን አይቼዋለሁ። ዕድሜ በሚለው ረድፍ 8፣ 9፣ 9፣ 12፣ 8፣ 14፣ 10፣ 13 እያለ ይወርዳል። ኮሌጅ ሳለሽ ልጅ በ7 ዓመቱ አንደኛ፣ በ9 ዓመቱ ሦስተኛ ክፍል ነው ብለው አስተምረውሻል። ወረቀት ላይ እንዲያ ነው። እኛ ዘንድ ግን በመጋቢት 2012 በኮሮና በሩ ተዘጋ፤ ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት ስንቱ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከረመ። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ልጁ ማደጉን አላቆመም። እግሩ ከአግዳሚው ሥር አልገባ እስኪል ረዘመ፤ ንባቡ ግን የተወው ቦታ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አታስተምሪ። ርዕሰ መምህሩ ዕቅድ ቢጠይቅሽ "ምዘና" ብለሽ ጻፊ፤ ውሸት አይደለም። ልጆቹን አንድ በአንድ ውጭ ጥላ ሥር ጥሪያቸው። ሀሁን በተርታ አትጠይቂ። ተርታውን እንደ ዘፈን ነው የሚወርዱት፤ ጣቱ "ሎ" ላይ ሆኖ አፉ "መ" ላይ ይደርሳል። የቄስ ትምህርት ቤቱ አቡጊዳ የሚጠቅምሽ እዚህ ላይ ነው። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ ሲባል ዜማው ይፈርሳል፤ ልጁ የሚያውቀው ፊደሉን ይሁን ዜማውን ያን ጊዜ ይለያል። አንቺም ፊደሉን በትነሽ ጻፊ፣ በስንደዶ እየጠቆምሽ ጠይቂ፣ ሳድሱን አትርሺ። ጣጣው ሁሉ ሳድስ ላይ ነው፤ ካዕቡና ሣልሱ መልክ አላቸው፣ ሳድሱ ግን እንደየፊደሉ ነው የሚዞረው። 33ቱን በ7 አባዝተሽ 231 ፊደል በአንድ ሳምንት ማለትሽን ዘንግተሽው ነው? በሳምንት አራት የፊደል ቤተሰብ ካስገባሽ ጎበዝ ነሽ።

ይህን ስትጨርሺ ሦስት ስም ዝርዝር ይኖርሻል፦ ፊደል ያልለየ፣ ፊደል ለይቶ ቃል መግጠም ያቃተው፣ የሚያነብ። የመጀመሪያው ዝርዝር ሲረዝም ጥፋቱ የእኔ ነው አትበይ። ግጭቱም ኮሮናውም ሳይመጣ፣ በ2002 ዓ.ም. በአገር ደረጃ በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ዝርዝሩ ደብተርሽ ውስጥ ይቅር። ቡድኖቹን "አደይ" እና "ጽጌረዳ" ብትያቸውም ልጆች በሁለት ቀን ውስጥ የሰነፎቹ የትኛው እንደሆነ ያውቁታል። መድኃኒቱ ማቀያየር ነው፤ ጠዋት በንባብ፣ ከረፍት በኋላ በሒሳብ ከፋፍያቸው። በንባብ ከታች የነበረው በሒሳብ ላይ ይወጣል።

እንዴት ላይ እንደሚወጣ ልንገርሽ። አንዱን የ13 ዓመት ልጅ "የ65 ብር ሽንኩርት ገዝቶ 200 ብር የሰጠህን ሰው ስንት ትመልስለታለህ?" አልኩት። ዓይኑን ሳያሽ "135" አለኝ። ከእናቱ ጋር ገበያ እየዋለ ያደገ ነው። ጠመኔ ሰጥቼ ሰሌዳው ላይ 200 ሲቀነስ 65 አስጻፍኩት፤ 265 ብሎ ጻፈ። ከ0 ላይ 5 አይቀነስም፣ ስለዚህ 5፤ ከ0 ላይ 6ም አይቀነስም፣ ስለዚህ 6፤ 2ቱን አወረደው። "እህ፣ ሽንኩርቱንም 265 ብሩንም ይዞ ሄደ?" ስለው በራሱ ሳቀ። መቀነስ አልጠፋውም፤ በጭንቅላቱ የሚያውቀውን በጠመኔ መጻፍ ነው የጎደለው። ያን ለማስያዝ ሦስት ቀን በቃኝ። ለ8 ዓመቷ ግን ወር ይፈልጋል፤ መጀመሪያ መቀነስ ራሱ ምን እንደሆነ ልትረዳ ነውና። ክፍልፋይ ስትደርሺም መጽሐፉ ላይ ያለውን ኬክ ተዪው፤ አራት ቃዳ አንድ ሄክታር እንደሆነ ከነሱ ውስጥ የማያውቅ የለም። አንድ ቃዳ የሄክታር ስንት ስንተኛ ነው ብለሽ ጠይቂ፣ ከዚያ ትልልቆቹ ለትንንሾቹ ያስረዳሉ።

መቁጠሪያ በሽምብራ አታድርጊ፣ በጄ በይኝ። ማክሰኝት የሽምብራ አገር ነው፣ በነጻ ይገኛል ብዬ ለአንድ ቡድን መቶ ፍሬ ቆጥሬ ሰጠሁ። ሰሌዳ ላይ ጽፌ ዞር ስል 61 ቀርቷል። ቆርኪ ሰብስቢ።

አንድ ለአምስት የቡድን አደረጃጀቱ ላይ ተጠንቀቂ። ሁልጊዜ የምታነበዋን የ9 ዓመት ልጅ መሪ ካደረግሻት የ13 ዓመቱ ጎረምሳ ለእሷ አይታዘዝም፤ ቢታዘዝም ውስጡ ይጎዳል። መሪነቱ እንደ ትምህርቱ ይዙር። ትልቁን ደግሞ አስረጂ አድርጊው እንጂ አለቃ አታድርጊው። ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የሚደግመው ፊደል ቆጣሪውን ያስቆጥር ነበር፤ የኔታ ሁሉን መስማት አይችሉማ። ጥሩ ነገር ነው፤ ያስቆጠረውም የራሱን ፊደል ይበልጥ ያጠና ነበር። አለንጋውንም ግን አብሮ ነው የሚቀበለው፣ እሱ አይናፍቀኝም። ዝም አሰኚ፣ ውኃ ቀጂ፣ ሰሌዳ አጽጂ አድርገሽው መንፈቁ ካለቀ ደግሞ አገልጋይ አገኘሽ እንጂ ተማሪ አላስተማርሽም።

ከሁሉ በላይ ልብ በይልኝ የምለው ይህ ነው። የ8 ዓመቱ ልጅ አያፍርም፤ እጁን አውጥቶ "ቲቸር፣ አልገባኝም" ይልሻል። የ13 ዓመቱ ቢሞት አይልም። ስለዚህ ለትንሹ ደግመሽ፣ ቀስ ብለሽ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አስረጂ። ትልቁ ከኋላ አቀርቅሮ እርሳሱን በምላጭ እየቀረጸ ይመስልሻል፤ ጆሮው ግን አንቺ ጋ ነው። ወደሱ አትይ። ለትንሹ መልሺ፣ ትልቁ ይሰማል። በመንፈቁ ማብቂያ ትንንሾቹ እርሳስ መቅረጽ ከትልልቆቹ ተምረው ታያለሽ፤ ከትልልቆቹም አንዱ፣ ቢያንስ አንዱ፣ "አልገባኝም" ማለት ከትንንሾቹ ይለምዳል። ይህ ትምህርት ፈተና ላይ አይወጣም፣ ሮስተር ላይም ቦታ የለውም።

ትልቅ ልጅ ለብቻው አታስቀምጪ። አያታችን መሠረተ ትምህርት ስትማር፣ በ1971 ክረምት ዘመቻው ሲጀመር፣ የልጅ እናት ነበረች። አላፈርሽም ወይ ስላት "ከማን ላፍር? መንደሩ ሁሉ እኮ አግዳሚ ላይ ነው" አለችኝ። ያ ዘመቻ በዓመቱ የዩኔስኮን የመሃይምነት ማጥፋት ሽልማት አስገኝቷል፤ እኔን የሚገርመኝ ግን የአያቴ መልስ ነው። ሰው ትልቅ ሆኖ ፊደል መቁጠሩ አያሳፍረውም፣ ብቻውን መሆኑ እንጂ። ሁለት ሦስቱን አንድ አግዳሚ ላይ አድርጊያቸው፣ ግን መጨረሻው ረድፍ አይሁን።

ቀሪ ሲበዛብሽ ስንፍና አትበይው። ጥቅምትና ኅዳር ወንዶቹ ማሽላ ላይ ወፍ ሊጠብቁ ይሄዳሉ፣ ቀጥሎ አጨዳ፣ ቀጥሎ ውቂያ። የሚካኤል፣ የማርያም፣ የጊዮርጊስ ቀንማ የታወቀ ነው። አዲስ ነገር ከበዓል ማግስት አትጀምሪ። ለቀረው ልጅ ያለፈውን በአንድ ገጽ የሚጽፍለት ጓደኛ መድቢ፤ የሚጽፈውም ይማርበታል።

ሴቶቹን ለብቻ ላንሳልሽ። የ14 ዓመቷ ከጥምቀት በኋላ መቅረት ከጀመረች አትጠብቂ፤ ጥር የሠርግ ወር ነው። የጋብቻ ዕድሜ በፌዴራሉም በክልላችንም የቤተሰብ ሕግ 18 ነው፤ ሕጉን አባትየው ፊት ብታነቢው ግን በሩን ይዘጋብሻል። ቀድመሽ በኅዳር፣ ምንም ሳይኖር፣ ቡና እንጠጣ ብለሽ እናቷን ልመጃት። ኋላ ምክንያት ሲመጣ ለእናትየው እንግዳ አትሆኚባትም። ካልሆነ ግን ይሉኝታ አይያዝሽ፤ ለርዕሰ መምህሩና ለሴቶች ጉዳይ ንገሪ። መሳቢያሽ ውስጥም ሁለት እሽግ ሞዴስ ይኑር። ቁልፉ ያንቺ ይሁን፣ ለምን እንደወጣችም ማንም አይጠይቃት።

አሁን ትልቁን ልጅ ሰው ፊት አታስነብቢው የምልሽ ለምን እንደሆነ ልንገርሽና ተኚ።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ ትምህርት ቤቱ የት እንደሆነ ይቅር፣ አንድ ረዘም ያለ ልጅ ነበረኝ። ጸጥ ያለ፣ ደብተሩ ንጹሕ፤ ከሰሌዳ አሳምሮ ይገለብጣል። የሚያነብ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ተቆጣጣሪ መጥተው ከኋላ ተቀመጡ፤ እኔም ልኩራበት ብዬ "ተነሥተህ አንብብ" አልኩት። ቆመ። መጽሐፉን ያዘው። የግንባሩ ላብ ይታየኛል ዛሬም። አንዲት የ8 ዓመት ልጅ ልትረዳው ብላ ከጎኑ ሹክ አለችው፤ ክፍሉ ሳቀ። መጽሐፉን ቀስ አድርጎ ዘግቶ አግዳሚው ላይ አስቀመጠና ወጣ። ቤቱ ሁለት ጊዜ ሄድኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከብት ጋ ነው አሉኝ።

አምና ከጎንደር ስመጣ ማክሰኝት መናኸሪያ አንድ ረዳት "ቲቸር!" ብሎ ሻንጣዬን ተቀበለኝ። እሱ ነው፤ ጢም አውጥቷል። ሒሳብ አልቀበልም አለኝ። መኪናው ሊነሣ ሲል ከኪሱ የታጠፈች ወረቀት አውጥቶ፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ "ይቺ ወረቀት ዕቃው ለማን ነው የምትለው?" አለኝ። ተጠግቼ፣ ተሳፋሪው እንዳይሰማ፣ በጆሮው አነበብኩለት።