ፈላጊና ተፈላጊ

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ። በአካባቢያችሁ ነጋዴዎች ዕቃቸውን የሚያስተዋውቁት በምን በምን መንገድ ነው? አንድ ሰው የሚፈልገውን ዕቃ በኢንተርኔት ሲፈልግ፣ ከብዙ ሻጮች መካከል አንደኛው ቀድሞ የሚታየው ለምን ይመስላችኋል?

ዕቃን ለገዢ የማስተዋወቅ ሥራ ከገበያ እኩል ዕድሜ አለው። ነጋዴው በሸራው ሥር ቆሞ ዕቃውን እያወደሰ ይጣራል፤ ደላላው በገዢና በሻጭ መካከል ይመላለሳል፤ ባለሱቁ ከበሩ በላይ ሰሌዳ ይሰቅላል። ኢንተርኔት ከተስፋፋ ወዲህ ግን ይህ ጥንታዊ ሥራ አዲስ መልክ ይዞ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ሙያው ሁለት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። አንደኛው እንደ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ባሉት ማኅበራዊ መገናኛዎች አማካይነት ማስተዋወቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው አንድ ድረ ገጽ እንደ ጎግል ባሉት የፍለጋ ሞተሮች ዘንድ በቀላሉ እንዲገኝ አድርጎ ማሰናዳት ነው።

ሁለቱ ክፍሎች ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው እጅ ቢሠሩም ጠባያቸው የተለያየ ነው። የመጀመሪያው የአዋጅ ነጋሪን ተግባር ይመስላል። አዋጅ ነጋሪ ነጋሪቱን እየጎሰመ የሚናገረው፣ ልስማ ብሎ ላልመጣ ሕዝብ ነው። ሁለተኛው ግን መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆሞ ለእንግዳ አቅጣጫ ከሚያመለክት ሰው ጋር ይመሳሰላል። እንግዳው የሚሄድበትን ያውቃል፤ የቸገረው መንገዱ ነው። ስለዚህ በፍለጋ በኩል የተሰማራ ባለሙያ የመጀመሪያ ጥያቄው «ምን ልናገር?» የሚል ሳይሆን፣ «ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል?» የሚል ነው። በዚህ ሙያ ከሁሉ የሚከብደውም ይህንኑ ጥያቄ በትክክል መመለስ ነው።

በኢንተርኔት ላይ የተቀመጡ ፋይሎችን የሚፈልግ የመጀመሪያው ፕሮግራም «አርቺ» ይባል ነበር። ይህን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1990 የሠራው፣ በካናዳ በሚገኘው የማክጊል ዩኒቨርሲቲ የነበረው የባርቤዶስ ተወላጅ አለን ኤምቴጅ ነው። አርቺ የፋይሎችን ስም እንጂ በውስጣቸው የተጻፈውን አይመረምርም ነበር። በ1995 መጨረሻ ለሕዝብ የቀረበው አልታቪስታ ግን የገጾችን ሙሉ ቃል ያነብ ነበር። ይሁን እንጂ ቀደምት የፍለጋ ሞተሮች የአንድን ገጽ ጠቃሚነት የሚመዝኑት በአብዛኛው በውስጡ በሰፈሩት ቃላት ብቻ ስለ ነበረ፣ ብልጣብልጦች ደካማ ጎናቸውን ለማግኘት ጊዜ አልወሰደባቸውም። አንዱን ቃል በአንድ ገጽ ላይ መቶ ጊዜ ይደጋግሙት ነበር፤ ወይም በነጭ ገጽ ላይ በነጭ ቀለም ይጽፉት ነበር። በዚህ ዓይነት የተጻፈውን ሰው አያየውም፤ መሣሪያው ግን ያነበዋል።

እ.ኤ.አ. በ1998 ጎግልን ያቋቋሙት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን ለዚህ ችግር መፍትሔ የፈለጉት በምሁራን ልማድ ውስጥ ነበር። አንድ ጥናት በሌሎች ጥናቶች ውስጥ ሲጠቀስ ክብሩ ከፍ ይላል። እንደዚሁም ከሌሎች ገጾች ወደ አንድ ገጽ የሚያመሩት አገናኞች፣ በተለምዶ «ሊንክ» የሚባሉት፣ ለዚያ ገጽ እንደ ምስክር ተቆጠሩ። የምስክሮቹ ብዛት ብቻም ሳይሆን ማንነታቸውም ተመዘነ። በሽምግልና ሸንጎ ላይ የታወቀ ሰው ቃል ካልታወቀ መንገደኛ ቃል ይበልጥ ሚዛን እንደሚደፋ መሆኑ ነው።

የፍለጋ ሞተር አሠራር በአጭሩ የሚከተለው ነው። ተጓዥ ፕሮግራሞች ከአገናኝ ወደ አገናኝ እየተሻገሩ ገጾችን ያነባሉ፤ ያነበቡትም በግዙፍ ማውጫ ውስጥ ይመዘገባል፤ ጠያቂ ሲመጣ ከማውጫው ውስጥ ተስማሚ የሆኑት ገጾች ተመርጠው በደረጃ ይቀርቡለታል። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ቢኖር፣ ጠያቂው ቃሉን በጻፈበት ቅጽበት የሚፈተሸው ዓለም ሳይሆን ማውጫው መሆኑ ነው። በማውጫው ያልተመዘገበ ገጽ፣ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ለፈላጊው እንደሌለ ይቆጠራል።

ለምሳሌ ያህል በአዲስ አበባ ሾላ ገበያ አጠገብ የባልትና ሱቅ ያላት አንዲት ነጋዴ ድረ ገጽ አሠራች እንበል። በገጿ ራስጌም «ጥራታቸውን የጠበቁ ባህላዊ የምግብ ግብዓቶች አቅራቢ ድርጅት» ብላ አጻፈች። ዐረፍተ ነገሩ ስሕተት የለበትም፤ ለጨረታ ሰነድም ይስማማ ይሆናል። ሆኖም እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ገዢ የለም። ገዢው የሚጽፈው «የተፈጨ በርበሬ ዋጋ»፣ «ምጥን ሽሮ የት ይገኛል»፣ «ለሠርግ የሚሆን ድልህ» ብሎ ነው። በርበሬ የሚለው ቃል ከነአካቴው በገጹ ላይ ካልተጻፈ፣ በርበሬ ፈላጊውና በርበሬ ሻጯ በአንድ ከተማ እየኖሩ ሳይገናኙ ይቀራሉ።

የባለሙያው ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያ ከኮምፒዩተሩ ተነሥቶ ወደ ሱቁ ይሄድና ደንበኞች በምን ቃል እንደሚጠይቁ ያዳምጣል። በስልክ የሚመጡትን ጥያቄዎችም ይመዘግባል። ጎግል ለገጽ ባለቤቶች ያለ ክፍያ የሚያቀርበውን «ሰርች ኮንሶል» የተባለ መዝገብ ከፍቶ፣ ጎብኚዎች ምን ምን ቃል ጽፈው ወደ ገጹ እንደ ደረሱ ይመለከታል። ከዚህ በኋላ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድልሁና መከለሻው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ገጽ ይኖራቸዋል፤ በየገጹም ስም፣ ክብደት፣ ዋጋ፣ የመሸጫ ቦታና የሥራ ሰዓት በግልጽ ይጻፋሉ። ብዙ ሻጮች ዋጋውንና ስልኩን በፎቶግራፉ ላይ ብቻ አስቀርጸው፣ ወይም «ለዋጋ በኢንቦክስ» ብለው ይተዉታል። በፎቶግራፍ ላይ የሰፈረ ቃል እንደ ተራ ጽሑፍ በቀላሉ አይነበብም፤ የተደበቀ ዋጋ ደግሞ ገዢውን ያሰለቻል። ይህ ሁሉ ረቀቅ ያለ ጥበብ አይመስልም፤ ነገር ግን የሙያው አብዛኛው ክፍል እንዲህ ያለ ትዕግሥት የሚጠይቅ ተራ ሥራ ነው።

ወደ አማርኛ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ፊደል ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3ኛ እትም ነው። ከዚያ በፊት ጸሐፊዎች በየራሳቸው ፎንት ይጽፉ ስለ ነበር፣ በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈው በሌላው ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። ዩኒኮድ ይህን ችግር አቃለለው፤ የሞክሼ ሆሄያትን ጉዳይ ግን እንደ ነበረ ተወው። «ጾም» የሚለውን ቃል አንዱ በጸሎቱ ጸ፣ ሌላው በፀሐዩ ፀ ይጽፈዋል። «ሠርግ» የሚለውንም አንዱ በንጉሡ ሠ፣ ሌላው በእሳቱ ሰ ይጽፈዋል። «ፀሐይ» የሚለው ቃል ደግሞ ከሁለቱ «ጸ»ዎችና በንባብ ከማይለዩት ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ጋር ሲቀናጅ በ12 መልክ ሊጻፍ ይችላል። አንባቢ ሁሉንም አንድ አድርጎ ያነበዋል። ለኮምፒዩተር ግን እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ መለያ ቁጥር ያለው ሌላ ፊደል ነው፤ አንድ መሆናቸውን ካላስተማሩት በቀር አያውቀውም።

በሁዳዴ ዋዜማ «የፆም ሽሮ» ብሎ የሚፈልግ ሰው «የጾም ሽሮ» ተብሎ የተጻፈውን ገጽ ሊያጣው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ባለሙያው ምን ያድርግ? አንድን ቃል በሚቻለው መልክ ሁሉ እየደረደሩ ገጹን መሙላት የቀድሞዎቹን ብልጣብልጦች መንገድ መከተል ነው፤ ለአንባቢም ያስጠላል። የተሻለው ዘዴ ትክክለኛውን አጻጻፍ በርእሱ ላይ አጽንቶ፣ በብዛት የሚሠራበትን ሌላ አጻጻፍ በጽሑፉ ውስጥ በተፈጥሯዊ ቦታው አንድ ጊዜ ማስገባት ነው።

የአማርኛ ቃል ርባታም የራሱ ፈተና አለው። «በርበሬ» የሚለው ስም «የበርበሬ»፣ «በርበሬውን»፣ «ከበርበሬያችን» እየሆነ መልኩን ይለዋውጣል። ፊደልን ከፊደል ጋር ብቻ የሚያስተያይ መሣሪያ እነዚህን እንደተለያዩ ቃላት ይቆጥራቸዋል። በተቃራኒው፣ በቃላት ውስጥ ያለውን ቁራጭ ሁሉ እንዲፈልግ ቢታዘዝ ማር ለሚፈልገው ሰው «ማርያም»ንና «ተማር»ን ያመጣለታል። በዋሽንግተን አካባቢ እንደሚኖሩት ያሉ በውጭ አገር የሚገኙ ብዙ ኢትዮጵያውያን ደግሞ በስልካቸው አማርኛን በላቲን ፊደል ይጽፋሉ፤ እሱንም ሁሉም እንደየስሜቱ። የባልትናዋ ነጋዴ ወደ ውጭ መላክ የጀመረች እንደ ሆነ ይህም ተጨማሪ ሐሳብ ይሆንባታል።

እስካሁን የተገለጸው በቅንነት የሚሠራው ሥራ ነው። አቋራጭ መንገድ የሚመርጡም አሉ፤ ለዚህም በዩናይትድ ስቴትስ የደረሰው የጄ ሲ ፔኒ ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። ጄ ሲ ፔኒ በልዩ ልዩ ከተሞች ታላላቅ መደብሮች የነበሩት የታወቀ የንግድ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ በነበረው የበዓል ገበያ ወራት ልብስም ሆነ ምንጣፍ ወይም የቤት ዕቃ በጎግል ለሚፈልግ ሰው የዚህ ድርጅት ገጽ በተደጋጋሚ ቀድሞ ይታይ ነበር። ኒው ዮርክ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ ነገሩን ባስመረመረ ጊዜ፣ ከልብስና ከቤት ዕቃ ጋር አንዳች ግንኙነት በሌላቸው በብዙ መቶ ገጾች ላይ ወደ ድርጅቱ የሚመሩ አገናኞች ተሰግስገው ተገኙ። ምስክሮቹ የሐሰት ምስክሮች ነበሩ ማለት ነው። በየካቲት ወር 2011 ጎግል እርምጃ ወሰደ። በአንድ ረቡዕ ምሽት በ1 ሰዓት ላይ ድርጅቱ አንድን ታዋቂ የጉዞ ሻንጣ በሚመለከት ፍለጋ 1ኛ ነበር፤ ከ2 ሰዓት በኋላ 71ኛ ሆኖ ተገኘ። ድርጅቱ ስለ አገናኞቹ እንደማያውቅ ገልጾ፣ ሥራውን ሰጥቶት ከነበረው አማካሪ ድርጅት ጋር የነበረውን ውል አቋረጠ። ጎግልም በሚያዝያ 2012 የሐሰት አገናኞችን የሚያጠቃ «ፔንግዊን» የተባለ አዲስ ሥርዓት አወጣ።

በማኅበራዊ መገናኛም በኩል ተመሳሳይ ፈተና አለ። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲቋቋም የተማሪዎች መገናኛ ነበር፤ በ2007 ለንግድ ድርጅቶች የራሳቸውን ገጽ ከፈተላቸው። ከዚያ ወዲህ የተከታይ ብዛት እንደ ሀብት መታየት ጀመረ፤ ሐሰተኛ ተከታይና ሐሰተኛ አስተያየት በገንዘብ የሚሸጡ ሰዎችም ተነሡ። አሥር ሺህ የማይበሉ፣ የማይገዙ ተከታዮች ለበርበሬ ሻጭ ምን እንደሚጠቅሙ ለመረዳት ያስቸግራል። በዩናይትድ ስቴትስ የፌደራል የንግድ ኮሚሽን በ2024 ባወጣው ደንብ ሐሰተኛ አስተያየት መሸጥንና መግዛትን ከልክሏል፤ ተጽዕኖ ያለው ለመምሰል ሲባል ሐሰተኛ ተከታይ መግዛትንም እንዲሁ።

ነጋዴ ባለሙያ ሲቀጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርበው ጥያቄ «1ኛ ታደርገኛለህ ወይ?» የሚል ነው። «አዎን» ብሎ የሚፈርም አይጠፋም። ጎግል ግን 1ኛ ደረጃን ማንም ሊያረጋግጥ እንደማይችል በራሱ መመሪያ ጽፏል። ባለሙያው ሊፈርምበት የሚችለው ሥራውን እንጂ ደረጃውን አይደለም።

ከግንቦት 2024 ጀምሮ ደግሞ ጎግል በዩናይትድ ስቴትስ፣ ቀጥሎም በሌሎች አገሮች፣ ከገጾቹ ዝርዝር በላይ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጠናቀረ መልስ ማቅረብ ጀምሯል። ጠያቂው መልሱን እዚያው አንብቦ ገጹን ሳይከፍት ሊሄድ ይችላል። ሽሮ ስንት ቀን በፀሐይ እንደሚሰጣ የጠየቀ ሰው በዚህ ይረካ ይሆናል፤ ሁለት ኪሎ ሽሮ የፈለገ ግን መደወሉ አይቀርም። በዚህ የተነሣ የሾላዋ ነጋዴ የቀጠረችው ባለሙያ በወሩ መጨረሻ የገጹን ጎብኚዎች ቁጥር ብቻ ይዞ አይቀርብም፤ ደውለው ያዘዙትን ሰዎች የተጻፉበትን ደብተር አብሮ ያመጣል።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት መልሱ።
1. አዋጅ ነጋሪና መንገድ አመልካች በምንባቡ ውስጥ የምን ምሳሌ ሆነው ቀረቡ?
2. የባልትናዋ ነጋዴ በገጿ ራስጌ ያጻፈችው ዐረፍተ ነገር ስሕተት ሳይኖርበት ያልጠቀማት ለምንድን ነው?
3. የጄ ሲ ፔኒ አገናኞች «የሐሰት ምስክሮች» የተባሉበትን ምክንያት አስረዱ።

ለ. «ሠርግ»፣ «ኀይል»፣ «ዓሣ» የሚሉት ቃላት በሞክሼ ሆሄያት በስንት በስንት መልክ ሊጻፉ እንደሚችሉ ጽፋችሁ አሳዩ፤ የትኛው አጻጻፍ ትክክል እንደሆነም ከመዝገበ ቃላት አረጋግጡ።

ሐ. በአካባቢያችሁ የሚሸጥ አንድ ዕቃ መርጣችሁ፣ ገዢዎች ዕቃውን ሲጠይቁ የሚጠቀሙባቸውን ቃላት ከአምስት ሰዎች ጠይቃችሁ መዝግቡ። በእነዚሁ ቃላት ዕቃውን የሚገልጽ አንድ አንቀጽ ጻፉ።