ምዕራፍ 7፦ ራሱን ችሎ የሚቆም ቅስት

በመጫወቻ ጡብ ቅስት ለመሥራት የሞከረ ሰው ጣጣውን ያውቀዋል። ጡቡ አራት ማዕዘን ነው፤ ቅስቱ ግን መዞር አለበት። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ወይ ጡቡን በየረድፉ ጥቂት ጥቂት ወደ ውስጥ እያስገባ ደረጃ የመሰለ ነገር ይሠራል፣ ወይ ከሳጥኑ ውስጥ ተቀርጾ የመጣውን ባለ ቅስት ቁራጭ አንስቶ በሁለት ምሰሶ ላይ ያስቀምጣል። የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ አይመስልም። ሁለተኛው ያምራል፤ ግን በግንበኛ ቋንቋ ቅስት ሳይሆን ከሥሩ የተፈለፈለ ጋድም ነው። እኔ የምለው ይህን ነው፦ እውነተኛ የሚመስል ቅስት የሚፈልግ ሰው ከቅርጹ በፊት የሸክሙን አካሄድ ይቅዳ። ሸክሙ በድንጋይ ቅስት ውስጥ እንደሚሄደው ከሄደ ቅርጹ ተከትሎ ይመጣል። ቅርጹን ብቻ የሚያሳድድ ሰው ግን ሁለቱንም ያጣል።

ድንጋይ ሲጫኑት ይችላል፤ ሲስቡት ይሰነጠቃል። የቅስት ጥበብ በሙሉ ከዚህ ይነሣል። እያንዳንዱ ድንጋይ ጎረቤቱን ይገፋል፣ ግፊቱ እየዞረ ወደ እግሩ ይወርዳል፣ እግሩም ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ይገፋል። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1675 እ.ኤ.አ. ምስጢሩን ፊደላቱን አዘበራርቆ አሳተመው፦ ተንጠልጥሎ የሚረግብ ሰንሰለት የሚይዘው ቅርጽ ቢገለበጥ ጽኑ ቅስት የሚቆምበት ቅርጽ ነው። ሰንሰለቱ የሚያውቀው መሳብን ብቻ ነው፤ ሲገለበጥ መሳቡ ሁሉ መገፋት ይሆናል። በደቡብ ፈረንሳይ ያለው የሮማውያን የውኃ ድልድይ፣ ፖን ዱ ጋር፣ ቁመቱ 49 ሜትር ያህል ነው። የታችኞቹ ሁለት እርከኖቹ ቅስቶች ያለ ማጣበቂያ በተደረደሩ ትላልቅ ድንጋዮች ከ1,900 ዓመት በላይ ቆመዋል። ማጣበቂያ ሳይኖር የሚያቆማቸው መገፋፋቱ ነው።

«ዓይን እስካመነ ድረስ ውስጡ ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በአገራችን አለ። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ቅስቶች ከአንድ አለት የተፈለፈሉ ናቸው። ግርማቸው ወደር የለውም፤ ነገር ግን በውስጣቸው ድንጋይ ድንጋይን ለመደገፍ አልተደረደረም። በጎንደር የፋሲል ግቢ የበሮቹና የመስኮቶቹ ቅስቶች ግን ቀላ ባለ ድንጋይ አንድ በአንድ የተገነቡ ናቸው። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች የሚገኘው የ17ኛው ክፍለ ዘመን የአላታ ድልድይም በድንጋይና በኖራ ተገንብቶ ዛሬም ሰው ያሻግራል። የተገነባ ቅስት ላይ ዓይን የሚያየው መጋጠሚያዎቹን ነው፤ ሁሉም ወደ ክቡ መሐል ያመለክታሉ። አንድ ወጥ የፕላስቲክ ቁራጭ ይህ የለውም። ስለዚህ ነገሩን በዓይን ብቻ እንዳኘው ብንል እንኳ ተቀርጾ የመጣው ቁራጭ ይሸነፋል።

አሁን ወደ ሥራው። የሌጎ ሁለት በአራት ጡብ 16 በ32 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከፍታው ጉጦቹን ሳይጨምር 9.6 ነው። በጉጦቹ ላይ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ልሙጥ ክዳን ስትጫኑበት 12.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ አንድ «ድንጋይ» አገኛችሁ ማለት ነው። እንዲህ ያሉ 19 አዘጋጁ። ጎዶሎ ቁጥር የሆነው አንዱ ድንጋይ አናቱ ላይ መሐል እንዲውል ነው። 12.8ቱ በክቡ ዙሪያ፣ 16ቱ በቅስቱ ውፍረት፣ 32ቱ በድልድዩ ስፋት ይዋል። የውስጥ ጠርዞቻቸው ሲነካኩ 77 ሚሊ ሜትር ያህል ራዲየስ ያለው ግማሽ ክብ ይወጣል። በውጭው ጠርዝ ግን በየሁለቱ ድንጋዮች መካከል 2.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት ይቀራል። ይህን ክፍተት በካርቶን ሽብልቅ ሙሉት። አራት ማዕዘን ጡብ ይዞ ቅስት የሚሠራ ግንበኛም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፦ ጡቡን አይጠርብም፤ ማልታውን በውጭ በኩል ያወፍራል። ውፍረቱም ይበቃል። ግማሽ ክብ የድንጋይ ቅስት በራሱ ክብደት ለመቆም ውፍረቱ ከአማካይ ራዲየሱ 10.7 በመቶ ያህል መድረስ እንዳለበት በስሌት ይታወቃል፤ የእናንተ ወደ 19 በመቶ ይጠጋል።

እዚህ ላይ ሁለተኛ ተቃውሞ ይመጣል፦ «የዚህ መጫወቻ ጥበብ መያያዙ አይደለም ወይ? ጉጡን ከሸፈንን ምን ቀረ?» እውነት ነው፤ በ1958 እ.ኤ.አ. ዴንማርክ ውስጥ የፈጠራ መብት የተጠየቀበት ጡብ ዋና ብልሃቱ ውስጡ ያሉት ቱቦዎች የታችኛውን ጡብ ጉጦች ጠብቀው መያዛቸው ነው። ግን ይህ መያዝ መሳብን የሚችል ነገር ነው፤ ድንጋይ ደግሞ መሳብን አይችልም። ጉጡን ከቅስቱ ቀለበት አውጡት እንጂ ከድልድዩ አታውጡት። በግራና በቀኝ መደገፊያው፣ በግድግዳው፣ በመሠረቱ ላይ እንደ ልባችሁ ተጠቀሙበት፤ እዚያ ጥንካሬ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ የማምንበት መድኃኒት ካሳፎርማ ነው። ቅስት እስኪጠናቀቅ ድረስ ቅስት አይደለም፤ የመጨረሻው ድንጋይ እስኪገባ የሚሸከመው ካሳፎርማው ነው። ከወፍራም ካርቶን ሁለት ግማሽ ክቦች ቆርጣችሁ በጀርባቸው ላይ ስስ ካርቶን አልብሱ። ከሥሩ በየጎኑ ሁለት ሁለት ልሙጥ ስስ ቁራጮች ደራርቡ። ድንጋዮቹን ከሁለቱም እግሮች እኩል እየወጣችሁ ደርድሩ፤ አንዱ ወገን ከቀደመ ካሳፎርማው ያጋድላል። የመሐሉን ድንጋይ በመጨረሻ አስገቡ፣ ሽብልቆቹን አጥብቁ፣ የቅስቱን ትከሻ ከግራና ከቀኝ እስከ ግማሽ ከፍታው ድረስ በጡብ ሙሉ። ከዚያ ከሥሩ ካሉት ስስ ቁራጮች ከየጎኑ አንድ አንዱን በአንድ ጊዜ ሳቡ። ካሳፎርማው 3.2 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ቅስቱም ጥቂት ተቀምጦ ሸክሙን ይረከባል። የድንጋይ ድልድይ ሠሪዎችም ሽብልቅ እያላሉ ካሳፎርማቸውን ቀስ በቀስ ያወርዱ ነበር፤ በአንዴ የሚነጠቅ ድጋፍ ቅስትን ይገድላል። ይህን እርምጃ የዘለለ ሰው «ፕላስቲክ አይሆንም» ብሎ ባያማርር ጥሩ ነው።

«ከፈረሰ ልጁ ተስፋ ይቆርጣል» የሚሉ ወላጆችም አሉ። የፈረሰበትን ቦታ ካላያችሁለት እውነት ነው። አናቱ ከሥር በኩል ከተከፈተ እግሮቹ ወደ ውጭ ተንሸራተዋል፤ መደገፊያውን አክብዱ። ይህን በእጁ ያየ ልጅ ስለ ኃይል ለፈተና ከሚሸመደድ ገጽ የበለጠ ያውቃል። ትምህርታችን ቀመሩን አስቀድሞ ነገሩን ረስቷል። በየከተማው በጂፕሰም የተለበጠ፣ ምንም የማይሸከም ቅስት ከኮንክሪት ወለል ላይ ተንጠልጥሎ ስናይ የማንደነግጠውም ለዚህ ይመስለኛል። የግንበኛን እጅ የሚያከብር ትውልድ ከፈለግን የሚሸከመውንና የሚያጌጠውን ለይቶ ከማየት ይጀምር።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ዋናውን ሌጎ መግዛት ግዴታ አይደለም። ርካሽ ቅጂውም ይሠራል፤ ብቻ ጡቦቹ ከአንድ ሳጥን ይሁኑ፣ መጠናቸው የተለያየ ከሆነ መጋጠሚያው አይገጥምም። ከእንጨት የተቆረጡ እኩል ቁራጮችም ይሆናሉ፤ ክብደታቸው ሲጨምር ቅስቱ ይበልጥ ይረጋጋል። ምን እንደምትጠቀሙ ከወሰናችሁ በኋላ ግን ካሳፎርማውን ከማውረዳችሁ በፊት ሁለቱን መደገፊያዎች በጣታችሁ ወደ ውጭ ገፋ አድርጓቸው። ከተንቀሳቀሱ አታውርዱ።