አብሹን እየጠጣሁ ወተቴ ለምን አነሰ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ከወለድኩ አራተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ጡቴ እየሞላ ልብሴን ያርሰው ነበር፤ አሁን ለስልሷል፤ በእጄ ሳልበውም ጠብታ ነው የሚወጣው። ልጄ ማታ ማታ ከጡት አልላቀቅ ትላለች። እናቴ ገንፎውንም አጥሚቱንም አብሹንም አላጓደሉብኝም። ሊጠይቁኝ የመጡት ግን «ወተትሽ አልበቃትም» ስላሉኝ ማታ ሁለት ጊዜ የጣሳ ወተት በጡጦ እሰጣታለሁ። ሌላ ምን ልብላ?

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችዎ። ምግቡን አቆይተን መጀመሪያ ጡጦውን እናንሳ።

ወተት የሚመረተው በተጠባው ልክ ነው። ሕፃኗ ስትጠባ ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ወተቱን ያስመርታል፤ ኦክሲቶሲን ደግሞ ወደ ጡት ጫፍ ይገፋዋል። ጡት ውስጥ የቀረ ወተት ግን ምርቱ እንዲቀንስ ያደርጋል። ፕሮላክቲን ከፍ የሚለው ሌሊት ነው፤ እርስዎም ጡጦ የሚሰጡት ወደዚያው ሰዓት ነው። ልጅቷ በጡጦው ጠግባ ከተኛች፣ እናትዎ የቱንም ያህል አጥሚት ቢያማስሉ ጡትዎ «ጨምር» የሚለውን ትእዛዝ አያገኝም።

የጻፉልኝ ምልክቶች በራሳቸው ወተት ማነሱን አያሳዩም። ጡት መጀመሪያ የሚወጠረው ምርቱ ከልጁ ፍላጎት ጋር እስኪመጣጠን ድረስ ነው፤ ከዚያ ይለሰልሳል። እጅም ልጅ የሚስበውን ያህል አይስብም። ማታ ላይ ደጋግሞ መጥባትም በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው። የሚታመነው ሚዛንና ዳይፐር ነው፦ ሕፃን በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ተወለደበት ክብደት ይመለሳል፤ በቀን 6 እና ከዚያ በላይ ዳይፐር በሽንት ያርሳል። ስለዚህ ነገ ጤና ጣቢያ ያስመዝኗት። ክብደቷ ጥሩ ከሆነ ጡጦውን በባለሙያ ምክር ቀስ በቀስ ይቀንሱ፤ ሌሊቱን ጨምሮ በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ያጥቧት። አያያዟንም ይዩ፦ አፏ በደንብ ተከፍቶ፣ አገጯ ጡትዎን ነክቶ፣ የታችኛው ከንፈሯ ወደ ውጭ ተገልብጦ መሆን አለበት። ሲያጠቡ ጫፉን የሚያምዎ ከሆነ አያያዙ ልክ ላይሆን ይችላል።

አሁን ወደ ምግቡ። የሚያጠባ ሰውነት በቀን እስከ 500 ካሎሪ የሚደርስ ተጨማሪ ጉልበት ይፈልጋል፤ በቅቤ የራሰ ገንፎና የአጃ አጥሚት ይህን ይሞላሉ። ለብቻው ወተት የሚያጎርፍ ምግብ ግን የለም። አራስ ቤት ውስጥማ ማን ይራባል! እኔን የሚያሳስበኝ ጠያቂው ሲቀንስ፣ አራሷም ቁርሷን በሻይ ብቻ ማለፍ ስትጀምር ነው። ያኔ ምስሩ፣ ሽሮው፣ እንቁላሉና ጎመኑ እንዳይቀሩ። ውሃ በጥማትዎ ልክ ይጠጡ፤ ከዚያ በላይ መጠጣት ወተት አይጨምርም።

አብሽን በተመለከተ ጥናቶቹ ትንንሽ ናቸው፤ ውጤታቸውም እርስ በርሱ ይጋጫል። አንዳንድ እናቶች ጨመረልኝ ይላሉ፣ ሌሎች ምንም ለውጥ አያዩም። እንደ ደንቡ ዱቄቱን ዘፍዝፎ አሳድሮ፣ ከላይ የጠለለውን መራራ ውሃ ደፍቶ፣ ነጭ አረፋ እስኪያወጣ መትቶ በማር መጠጣቱ ለጤነኛ እናት አያስፈራም። ላብዎና ሽንትዎ አብሽ አብሽ ቢል አይደንግጡ። ሆድዎን ካላላው ወይም ልጅቷን ካስቀመጣት ይተዉት። ስኳርን ዝቅ ስለሚያደርግ የስኳር መድኃኒት የምትወስድ፣ እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ የምትወስድ፣ ሽምብራ ወይም ለውዝ የማይስማማት እናት ሐኪሟን ሳታማክር አትጠጣው። እርጉዝ ሴት ደግሞ እንደ መድኃኒት አብዝታ አትውሰደው። አብሹም ሆነ ቅቤው ለእናት ነው፤ ልጅቷ እስከ 6 ወር ከእናት ጡት ሌላ ምንም እንዳትቀምስ ነው የሚመከረው።

ሚዛኑ ካልጨመረ ግን ምክንያቱ ምግብ ላይሆን ይችላል። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም መፍሰስ፣ ማህፀን ውስጥ የቀረ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ፣ የታይሮይድ ሕመም፣ ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ እንክብል ወተት ይቀንሳሉ። ልጅቷ ድብት ካለች፣ ለመጥባት ካልነቃች ወይም ሽንቷ ካነሰ ቀጠሮ አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አራስ ናት። ጥቁር ቢራና ጠላ ወተት ያመጣል ይባላል፤ ልስጣት?

መልስ፦ አይስጧት። ገብስ ፕሮላክቲንን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ወሬውም ከዚያ የመጣ ይሆናል። አልኮሉ ግን ኦክሲቶሲንን ስለሚያግድ ወተቱ ቶሎ አይወርድም፤ ሕፃኑም በቀጣዮቹ ሰዓታት ያነሰ ይጠባል። ገብሱን ከፈለገች በአጥሚት ይሁንላት። እርስዎ ሌሊት ዳይፐሩን ቢቀይሩና ለእሷ ምግብ ቢያቀርቡላት ከጠላው ይልቅ ይጠቅማታል።