ከማሳ ተነሥቶ ቆሼ ስለሚደርሰው የክረምት አትክልትና ፍራፍሬ፤ ስለ አመራረጡ፥ ስለ አጠባበቁና ስለ አሻሻጡ

ጤፍና ስንዴ በጎተራ ገብተው ዓመት ቢከርሙ ባለቤታቸውን ብዙ አያስቸግሩም። አትክልትና ፍራፍሬ ግን ከተቆረጠም በኋላ እንደ ሕያው ነገር ይተነፍሳል፥ ይሞቃል፥ ውኃውንም ያጣል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የመበላሸቱ ፍጥነት ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሆናል። ይህን ልዩነት ያላስተዋለ የወረዳ ሹም፥ ገበሬው ብዙ እንዲያመርት ሲያተጋ ከርሞ፥ የተመረተው በመንገድ ሲበሰብስ ያያል።

የበሰበሰው ወዴት እንደሚሄድ የሚያስረዳ ስፍራ በአዲስ አበባ ምዕራብ፥ በኮልፌ ቀራንዮ ይገኛል። ቆሼ ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የከተማው ጥራጊ ሲደፋበት የኖረ ቦታ ነው፤ ስሙም የወጣው ከዚሁ ነው። ከከተማው ጥራጊ ከግማሽ የሚበልጠው ልጣጭ፥ ቅጠል፥ የምግብ ትራፊና ይህን የመሰለ የሚበሰብስ ነገር ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ክምሩ ተንዶ፥ በሥሩ ቤት ሠርተው ይኖሩ ከነበሩት ሰዎች ከመቶ በላይ ሞቱ፤ ለሦስት ቀንም ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ጥፋቱን ሁሉ በአትክልት ማመካኘት አይገባም። ነገር ግን እርጥብ ጥራጊ ሲከመር ክብደቱ ይበዛል፤ አየር በሌለበት ሲበሰብስም ሜታን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ክምሩም ጽናት ያጣል። ከዚያው አጠገብ በ2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ የኃይል ማመንጫ በቀን 1400 ቶን ጥራጊ እንዲያቃጥል ታስቦ የተሠራ ነው፤ እርጥብ ነገር ግን ለማንኛውም ምድጃ መጥፎ ማገዶ ነው።

ገንዘቡንም ማሰብ ያስፈልጋል። ከመቂ ወይም ከፎገራ 20 ኩንታል ቢጫንና 4ቱ ቢበላሽ፥ የመኪናው ኪራይ የተከፈለው ለ20ው ነው። ለተበላሸው 4 ኩንታል የፈሰሰው የመስኖ ውኃ፥ የተገዛው ማዳበሪያና የለቃሚው ቀን ሁሉ ከንቱ ቀርቷል። ከዚያም ከተማው ይህንኑ 4 ኩንታል ከገበያ አንሥቶ ለመጣል ሁለተኛ ኪራይ ይከፍላል።

ምርጫ የሚጀመረው በማሳው ነው እንጂ በገበያ አይደለም። የሚለቀመው ማለዳ፥ ጤዛው ከተነነ በኋላ ነው፤ በክረምት ዝናብ የመታው ፍሬ ሳይደርቅ ቢታሸግ በማግሥቱ ሻጋታ ያወጣል። ሩቅ የሚሄድ ቲማቲም ጫፉ ቀላ ማለት ሲጀምር ይለቀማል፤ ፈጽሞ የቀላው ግን ለቅርብ ገበያ ይሁን። አቡካዶ ከዛፉ ላይ ሳለ አይለሰልስም፥ የሚለሰልሰው ከተቆረጠ በኋላ ነው፤ ስለዚህ በዱላ ማርገፍ ትልቅ ጥፋት ነው፥ የወደቀበት ጎኑ ይጠቁራልና። በሐምሌና በነሐሴ የሚደርሰው በለስ ከሥሩ ትንሽ የቅጠሉን ሥጋ አስከትሎ በቢላዋ ቢቆረጥ ቁስሉ ቶሎ ይደርቃል፤ ተጠምዝዞ የተነቀለው ግን ከቁስሉ ይበሰብሳል። ኮክም በእጅ ይለቀማል፥ በጥልቅ ሳጥንም አይከመርም፤ የላይኛው የታችኛውን ይጨፈልቃልና።

ከተለቀመው ውስጥ የተሰነጠቀውና ትል የገባበት በጥላ ሥር ይለያል። አንድ የበሰበሰ ፍሬ የሳጥኑን ሁሉ ያበላሻል። ከላይ ማለፊያውን፥ ከታች ብልሹውን አድርጎ ማሸግ በብዙ ቦታ የተለመደ ነው፤ ይህ ብልጠት የሚመስለው ለአንድ ቀን ነው፥ ነጋዴው በሚቀጥለው ጊዜ የሁሉንም ዋጋ ይሰብራልና። ሚስማሩ የወጣ የጣውላ ሳጥን ፍሬውን ስለሚወጋ፥ የሚታጠብ የፕላስቲክ ሳጥን ዋጋው ቢበዛም ይመረጣል።

በአጠባበቅ ረገድ ከሁሉ የሚያተርፈው የሽንኩርት ነገር ነው። በበጋ መስኖ የተመረተው በመጋቢትና በሚያዝያ በአንድነት ስለሚወርድ ዋጋው ይወድቃል፤ በክረምት ግን ይወደዳል። የሚከርመው አንገቱ ከወደቀ በኋላ ተነቅሎ፥ አንገቱ እስኪጠወልግና የላይ ልጣጩ እስኪንኮሻኮሽ በጥላ የደረቀው ብቻ ነው። ከዚያም ከመሬት ከፍ ባለ፥ ነፋስ በሥሩና በጎኑ በሚያልፍበት የአጣና ቆጥ ላይ ሳሳ ተደርጎ ይነጠፋል። ድንች ደግሞ ጨለማ ይሻል፤ ብርሃን ያገኘው አረንጓዴ ሆኖ ለሰው የሚጎዳ መርዝ ያበጃል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ክፍል ማኖር አይገባም። ሙዝንና የበሰለ አቡካዶንም ከጎመንና ከሰላጣ ማራቅ ይሻላል፥ የሚያወጡት ጋዝ ቅጠሉን ያቢጫልና።

በሕንድ አገር የተፈለሰፈ፥ በሁለት የጡብ ግድግዳ መካከል እርጥብ አሸዋ ያለበት ማቀዝቀዣ ያለ መብራት ይሠራል። ነገር ግን የሚበርደው አየሩ ደረቅ ሲሆን ነው። ስለዚህ ለዝዋይ በጋ መልካም ነው፤ በአዲስ አበባ ሐምሌ ይህን ማሠራት ገንዘብ ማባከን ነው።

ስለ ሽያጭ፥ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቀን በሚጾመው ፍልሰታ የአትክልት ፈላጊ ይበዛል። ሁሉም በአንድ ቀን ቢለቅም ግን የሚጠቀመው ደላላው ነው። የወረዳው ሹም የመልቀሚያውን ቀን በየቀበሌው ቢያፈራርቅ፥ የከተማውንም ዋጋ በየማለዳው በስልክ ጠይቆ በገበያ ቢያስለፍፍ፥ ሽያጩም በሳጥን ግምት መሆኑ ቀርቶ በሚዛን ቢሆን፥ ገበሬው ሳይቸኩል ይሸጣል። የጅምላው ገበያም ስፍራ ይለወጣል፤ በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ከፒያሳ አትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ፥ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ሃይሌ ጋርመንት ሄዷል። ስለዚህ ጫኚው ሳይነሣ ማራገፊያውን ይወቅ።

በመጨረሻ የሚቀረው ቅጠልና ብልሽት ገና ከማሳው ሳይወጣ ለከብት ወይም ለብስባሽ ይሁን። በገበያው የሚቀረውም ከፌስታል ሳይቀላቀል ለብቻው ይጠራቀም፤ አንድ ጊዜ ከተቀላቀለ በኋላ ለይቶ የሚወስደው ገበሬ አይገኝም፥ መንገዱም ወደ ቆሻሻው ክምር ነው።