አሮጌ አምፕሊፋየር፦ ማሳደስ ወይስ መለወጥ?

የቆየ አምፕሊፋየር ያለው ሰው አዲስ ሊገዛ ሲወጣ ብዙ ጊዜ የሚያየው የዋቱን ቁጥር ነው። ቁጥሩ ግን ያታልላል።

እ.ኤ.አ. በ1978 ለገበያ የቀረበውን ኤን.ኤ.ዲ. 3020 እንውሰድ። አቅሙ በአንድ ቻናል 20 ዋት ነው። በዚያው ስፒከር ላይ ባለ 40 ዋት ቢተካ የሚገኘው ጭማሪ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ «ድምፁ እጥፍ ሆነ» የሚለው ጭማሪው ወደ 10 ዴሲቤል ሲደርስ ነው፤ ለዚህም 200 ዋት ያስፈልጋል።

በዕድሜ ብዛት ቀድመው የሚደክሙት ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች ናቸው፤ በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ይደርቃል። እነሱን መለወጥና የድምፅ ማስተካከያውን ማጽዳት ለባለሙያ የተለመደ ሥራ ነው። ትራንስፎርመሩ ከተቃጠለ ግን ወጪው ይከብዳል፤ ተመሳሳዩን ማግኘትም ያስቸግራል። የጎደለው ብሉቱዝ ብቻ ከሆነ ለብቻው የሚሸጥ መቀበያ ከኋላ መሰካት ይበቃል።

ስለዚህ አስቀድመው ክዳኑን አስከፍተው ያስመርምሩ፤ የጥገናውንም ዋጋ በጽሑፍ ይቀበሉ። ዋጋው ከአዲሱ ግማሽ በታች ከሆነ ማሳደሱ ያዋጣል። ወደ አዲሱ ከተጠጋ ግን አዲሱን ከነዋስትናው መግዛት ይሻላል።